ጥላሸት ስለሚለብሱት ከዋክብትና ስለ ፈላጊዎቻቸው



በፋኖስ ብርሃን ያጠና ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ብርሃኑ እየደከመ የመጣ እንደ ሆነ፣ ልጅ «ጋዙ አለቀ» ብሎ ይሰጋል። እናት ግን ጠጋ ብላ አስቀድማ የምታየው ብርጭቆውን ነው። ብርጭቆው ጥላሸት ለብሶ ያገኘችው እንደ ሆነ በጨርቅ ይዛ ታወጣውና ትወለውለዋለች፤ ቤቱም እንደ ቀድሞው ይበራል። ጋዙም አላለቀም፤ ክሩም አልነደደም፤ በእሳቱና በእኛ መካከል የገባ ነገር ነበረ እንጂ።

ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብኩት የዚህ ፋኖስ ጠባይ ስላላቸው ከዋክብት ነው። እነዚህ ከዋክብት እጅግ ብርቅ ናቸው። የሰማይ ሊቃውንት የመዘገቧቸው ከዋክብት በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ እነዚህ ግን ከሁለት መቶ ዓመት ፍለጋ በኋላ በ2020 ዓ.ም. ተለይተው የታወቁት 147 ብቻ ነበሩ። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንዲህ ያለውን ብርቅ ነገር ከዚያ ሁሉ ብዛት ውስጥ ለይቶ ለማውጣት ምን ዓይነት ዘዴ እንደሚያስፈልግ ማወቅ ጠቃሚ ነው። ነገሩ የከዋክብት ብቻ ሳይሆን የመዝገብ፣ የትዕግሥትና የምስክርም ስለ ሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ከመዝገብና ከማስረጃ ጋር ሲታገል ለሚውል የመንግሥት ሠራተኛ ጨርሶ ባዕድ ይሆንበታል ብዬ አልገምትም።

መጀመሪያ ወደ ሰማይ ቀና እንበል። በግንቦት ወር እኩለ ሌሊት ላይ፣ ደመና ካልከለከለ፣ ከራሳችሁ በላይ ወደ ሰሜን ጥቂት ዘንበል ብላችሁ ብትመለከቱ ግማሽ ቀለበት ሠርተው የተሰለፉ ጥቂት ከዋክብት ታያላችሁ። ስማቸው የሰሜን አክሊል ይባላል። ከአክሊሉ ቅስት ውስጥ፣ ባዶ በሚመስለው ስፍራ፣ ሊቃውንቱ «አር» በሚል የላቲን ፊደል የሰየሙት አንድ ኮከብ አለ። ከእኛ የሚርቀው ብርሃን በ4,500 ዓመት ያህል በሚጓዘው መንገድ ነው።

የሰማይ ሊቃውንት ከዋክብትን እንደ ብርሃናቸው መጠን በማዕርግ ይከፍሏቸዋል። ይህ ማዕርግ ግን ከመሥሪያ ቤት ማዕርግ የሚለይበት ነገር አለው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ብርሃኑ ዝቅ ይላል። አንደኛ ማዕርግ ያለው ኮከብ ደማቅ ነው፤ ስድስተኛ ማዕርግ ያለው ግን ያለ መነጽር የሚያይ ዓይን የመጨረሻ ድንበር ነው። ከአንዱ ማዕርግ ወደሚቀጥለው ሲወረድ ብርሃኑ ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ይቀንሳል። በአክሊሉ ውስጥ ያለው ኮከብ በደኅናው ጊዜ ስድስተኛ ማዕርግ አለው። ስለዚህ ከከተማ መብራት ርቆ የቆመ፣ ዓይኑም የተሳለ ሰው በጭንቅ ያየዋል፤ በሁለት ዓይን መነጽር ግን በግልጽ ይታያል።

በ1795 ዓ.ም. ኤድዋርድ ፒጎት የተባለ እንግሊዛዊ ይህ ኮከብ ብርሃኑን እንደሚለዋውጥ አስተዋለ። ብርሃናቸው የሚለዋወጥ ሌሎች ከዋክብት በዚያን ጊዜም ይታወቁ ነበር። ነገር ግን ከእነዚያ የብዙዎቹ ለውጥ ሥርዓት አለው። አልጎል የተባለው ኮከብ በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ይደበዝዛል፤ ምክንያቱም በዙሪያው የሚሄድ ደብዛዛ ጓደኛ ስላለው ነው። ሚራ የተባለው ደግሞ በ11 ወር ያህል አንድ ጊዜ ያብጣል፣ ይሟሽሻልም። የአክሊሉ ኮከብ ግን የቀን መቁጠሪያ የለውም። ለዓመታት ፀጥ ብሎ ይቆይና አንድ ቀን ያለ ማስጠንቀቂያ መውረድ ይጀምራል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስምንት ማዕርግ የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ ይህም ማለት ብርሃኑ ከ1,600 እጅ ወደ አንድ እጅ ይቀንሳል ማለት ነው። ከዚያም ቀስ እያለ፣ በወራት ወይም በዓመታት፣ ወደ ቦታው ይመለሳል። በ2007 ዓ.ም. የጀመረው ውድቀት ከስድስት ዓመት በላይ ወደ ቀድሞ ብርሃኑ ሳይመልሰው አቆይቶታል።

እንግዲህ የፋኖሱ ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። ጋዙ ነው ወይስ ብርጭቆው?

ኮከብን ሄዶ መመርመር አይቻልም። ከእርሱ ዘንድ የሚደርሰን ነገር ብርሃኑ ብቻ ነው። ይህ ብርሃን ግን ጠይቆ ለሚያናግረው ብዙ የሚናገር ምስክር ነው። የፀሐይ ብርሃን በዝናብ ጠብታ ውስጥ ሲያልፍ ቀስተ ደመና እንደሚሆን ሁሉ፣ የኮከብ ብርሃንም በፕሪዝም ወይም በሌላ መሣሪያ ሲዘረጋ በየቀለሙ ይለያያል። ይህም የቀለም ዝርዝር ስፔክትረም ይባላል። በ1814 ዓ.ም. ፍራውንሆፈር የተባለው ጀርመናዊ መነጽር ሠሪ በፀሐይ ስፔክትረም ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቁር መሥመሮች መኖራቸውን ዘረዘረ። አርባ አምስት ዓመት ያህል ቆይተው ኪርኾፍና ቡንዘን የመሥመሮቹን ትርጉም ገለጹ፤ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ የሆነ የመሥመር አሰላለፍ አለው። የሶዲየም መሥመር የብረት አይሆንም፤ የብረትም የሃይድሮጂን አይሆንም። ልክ እንደ መሥሪያ ቤት ማኅተም ነው፤ ደብዳቤው ከየት እንደ መጣ ማኅተሙ ይናገራል።

በ1906 ዓ.ም. ሉደንዶርፍ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ የአክሊሉን ኮከብ ስፔክትረም ሲመረምር፣ ሊኖር የሚገባው የሃይድሮጂን መሥመር ታጣ። ይህ ነገር ምን ያህል እንግዳ እንደ ሆነ በሙሉ የተገለጸው ግን ቆይቶ ነው። በ1925 ዓ.ም. ሲሲሊያ ፔይን የተባለችው ወጣት የሥነ ከዋክብት ሊቅ ከዋክብት ከሁሉ ይልቅ ከሃይድሮጂን የተሠሩ መሆናቸውን በጽሑፏ አሳየች። ዛሬ እንደምናውቀው የፀሐይ ክብደት ሦስት አራተኛ ያህሉ ሃይድሮጂን ነው። ሃይድሮጂን የሌለው ኮከብ ማለት እንግዲህ ጤፍ የሌለበት የጤፍ እንጀራ እንደ ማለት ነው። በዚህ ኮከብ ከላይ ያለው አካል ሊጠቀለል ጥቂት ሲቀር ሁሉም ሂሊየም ነው፤ ከዚያ የሚቀጥለውም ካርቦን ነው።

የምስጢሩ ቁልፍ የተገኘው ከዚሁ ካርቦን ነው። በ1934 ዓ.ም. ሎሬታ የተባለ ጣልያናዊ፣ በ1939 ዓ.ም. ደግሞ ኦኪፍ የተባለ አሜሪካዊ፣ ኮከቡ ራሱ ሳይደክም ካርቦን የበዛበትን ጋዝ ከአካሉ ተንፍሶ ያወጣል፤ ጋዙም ከኮከቡ ሲርቅ ይቀዘቅዝና ጥላሸት ይሆናል የሚል አሳብ አቀረቡ። የጥላሸቱ ደመና በኮከቡና በእኛ መካከል የወጣ እንደ ሆነ ኮከቡ ይጨልምብናል፤ በሌላ በኩል የወጣ እንደ ሆነ ግን ምንም ሳናውቅ ያልፋል። ኋላም የኮከቡ የራሱ ብርሃን ደመናውን ገፍቶ ይበትነዋል። አባቶቻችን ለብራና ጽሕፈት ጥቁር ቀለም የሚያዘጋጁት ከድስት ጥቀርሻ ነበር፤ የአክሊሉን ኮከብ የሚጋርደውም ነገር በመሠረቱ ያው ካርቦን ነው። ስለዚህ መልሱ ብርጭቆው ነው እንጂ ጋዙ አይደለም።

ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ሲመለስ ሌላ ይወለዳል። ሃይድሮጂኑስ ወዴት ሄደ? ስለዚህ ነገር ሁለት አሳብ ነበረ። አንደኛው፣ እነዚህ ከዋክብት አርጅተው ሊበርዱ ሲሉ ለመጨረሻ ጊዜ ነበልባል የተነሣባቸው ሽማግሌዎች ናቸው የሚል ነው። ሁለተኛውን በ1984 ዓ.ም. ዌቢንክ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በስፋት አቀረበው። እንደ ፀሐይ ያለ ኮከብ ነዳጁን ሲጨርስ የሚቀረው ከምድር እምብዛም የማይበልጥ እጅግ የታመቀ አካል ነጭ ድንክ ይባላል። አንዳንድ ጊዜ ሁለት ነጭ ድንኮች አንዱ በሌላው ዙሪያ ሲዞሩ ይኖሩና ቀስ በቀስ እየተቀራረቡ በመጨረሻ ይዋሐዳሉ። አንዱ የሂሊየም፣ ሌላው የካርቦንና የኦክሲጅን የሆነ እንደ ሆነ፣ ከሁለቱ ሬሳ አንድ ሕያው ኮከብ እንደገና ይነሣል፤ ይህም የአክሊሉ ዓይነት ኮከብ ነው የሚል ነው።

በዚህ ክርክር ምስክርነት የሰጠው አሁንም ስፔክትረም ነው። ኦክሲጅን ክብደቱ የተለያየ ዓይነት አለው። በፀሐይ ውስጥ 18 የተባለው ከባዱ ዓይነት አንድ በሚገኝበት ቦታ 16 የተባለው ተራው ዓይነት አምስት መቶ ያህል ይገኛል። በ2007 ዓ.ም. ክሌይተንና ጓደኞቹ በእነዚህ ከዋክብት ውስጥ ከባዱ ኦክሲጅን ከተራው ጋር የሚመጣጠን ሆኖ ማግኘታቸውን አስታወቁ። እንዲህ ያለው ነገር በመጨረሻው ነበልባል አይሠራም፤ በሁለት ነጭ ድንኮች መዋሐድ ግን ሊሠራ ይችላል። ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹ ሊቃውንት ወደ ሁለተኛው አሳብ አዘንብለዋል።

ብርቆቹን ከዋክብት የመቁጠር ጥቅምም ከዚህ ላይ ይታያል። በጋላክሲያችን በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ነጭ ድንኮች በስንት ዓመት አንድ ጊዜ እንደሚዋሐዱ ለማወቅ፣ ከመዋሐድ የተወለዱትን መቁጠር አንድ መንገድ ነው። ከእነዚህ የከበዱ ጥንዶች ሲጋጠሙ ደግሞ ኮከቡ ፈንድቶ ፈጽሞ ሊጠፋ እንደሚችል ይታመናል፤ እንዲህ ያለው ፍንዳታ ሊቃውንት የዓለማትን ርቀት ከሚለኩባቸው መሣሪያዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ቆጠራው ጎድሎ የቀረ እንደ ሆነ በእርሱ ላይ የሚሠራው ሒሳብ ሁሉ ይጎድላል። ጥያቄው ታዲያ ይህ ነው፤ እነዚህን ጥቂቶች ከብዙዎቹ መካከል እንዴት እናገኛቸዋለን?

የመጀመሪያው ዘዴ ሰማይን ሁሉ ያለ አድልዎ መመዝገብ ነው፤ ይህንንም የሰማይ ቅኝት እንለዋለን። የሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ ከ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ መቶ ዓመት ለሚያህል ጊዜ ሰማይን በመስተዋት ላይ ፎቶግራፍ እያነሣ ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጡ መስተዋቶች አከማችቷል። መስተዋቶቹን አንድ በአንድ የመረመሩት በአነስተኛ ደመወዝ የተቀጠሩ ሴቶች ነበሩ። ከእነርሱ አንዷ ዊልያሚና ፍሌሚንግ በመመልከቻው ኃላፊ ቤት አገልጋይ ሆና የጀመረች ስትሆን ኋላ ከ300 የሚበልጡ ተለዋዋጭ ከዋክብት አግኝታለች። ሄንሪየታ ሌቪት ደግሞ 2,400 ያህል አገኘች። እነዚያ ሴቶች መስተዋቶቹን ሲያስተካክሉና ቁጥር ሲሰጡ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ማን ለምን ጉዳይ እንደሚፈልጋቸው ሊያውቁ አይችሉም ነበር። ነገር ግን ዛሬ አንድ ኮከብ አጠራጣሪ ሆኖ ሲገኝ፣ ዱሮ ደብዝዞ ያውቅ እንደ ሆነ ለማየት ሊቃውንቱ የሚሄዱት ወደዚያ መዝገብ ቤት ነው።

በ1990ዎቹ ዓመታት መስተዋቱ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ተተካ። ከአውስትራሊያ ማኮ የተባለው፣ ከቺሊ ደግሞ ኤሮስና ኦግል የተባሉት ቅኝቶች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብትን ብርሃን ሌሊት ሌሊት መለካት ጀመሩ። ሲነሡ ያሰቡት ሌላ ነበር፤ የማይታዩ ጨለማ አካላት ከከዋክብት ፊት ሲያልፉ ለማወቅ ነበር። ሆኖም ሁሉንም በጥንቃቄ መዝግበው ስለ ነበር፣ በማጄላን ደመናዎችና በጋላክሲያችን መካከል ጥላሸት የሚለብሱትን ከዋክብት ጭምር ከመዝገባቸው አወጡ። ሥርዓት ያለው መዝገብ ላልተጠየቀው ጥያቄም መልስ ይሰጣል።

ነገር ግን፣ ክቡራን ሆይ፣ መዝገብ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ብርሃኑ የቀነሰ ኮከብ ሁሉ ጥላሸት የለበሰ አይደለም። ለምሳሌ በሠረገላ ነጂ የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለው ኤፕሲሎን የተባለው ኮከብ በየ27 ዓመቱ ይደበዝዛል፤ ድብዘዛውም ሁለት ዓመት ያህል ይቆያል፤ ምክንያቱ ግን በጓደኛው ዙሪያ ያለ ሰፊ የአቧራ ዝርግ በፊቱ ማለፉ ነው። በትንሹ ድብ ውስጥ ያለው ዜድ የተባለው ኮከብ ደግሞ በተቃራኒው ለረጅም ዘመን ከሚራ ዓይነቶች ጋር ተመዝግቦ ኖረ። በ1994 ዓ.ም. ስፔክትረሙ ሲመረመር ግን ከአክሊሉ ኮከብ ወገን መሆኑ ታወቀ። በተሳሳተ ፋይል ውስጥ የገባ ደብዳቤ ማለት ይህ ነው፤ አልጠፋም፤ ግን ፈላጊው ሊያገኘው አይችልም።

ሌላም ችግር አለ። ከእነዚህ ከዋክብት አንዳንዶቹ ለብዙ ዓመታት ሳይደበዝዙ ይኖራሉ። ቅኝቱ አምስት ዓመት ቆይቶ ኮከቡ በዚያ አምስት ዓመት ፀጥ ያለ እንደ ሆነ፣ ከተራዎቹ ጋር ተቆጥሮ ይታለፋል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ሙቀትን መከተል ነው። የተዳፈነ እሳት ነበልባሉ ባይታይም እጅን ሲያቀርቡለት ሙቀቱ ይሰማል። እንደዚሁም ኮከቡ ከዚህ በፊት የተነፈሰው ጥላሸት በዙሪያው ሆኖ ስለሚሞቅ፣ ዓይን በማያየው በኢንፍራሬድ ብርሃን ይታወቃል። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተላከችው ዋይዝ የተባለችው ሳተላይት ሰማይን በሙሉ በዚህ ብርሃን ቃኝታ መዝግባዋለች።

ቲሰራንድ የተባለው ሊቅና ጓደኞቹ በዚህ መዝገብና ከእርሱ በፊት በተደረገ ሌላ የኢንፍራሬድ ቅኝት ላይ ተመሥርተው 2,356 ተጠርጣሪዎችን ለዩ። ከዚያም ቁጥሩን ይዘው «አገኘን» ብለው አላወጁም። ወደ እያንዳንዱ ተጠርጣሪ ቴሌስኮፕ አዙረው ብርሃኑን በስፔክትሮግራፍ መዘርጋት ጀመሩ፤ የ500 ያህሉንም ስፔክትረም አገኙ። በእያንዳንዱ የጠየቁት ጥያቄ የታወቀ ነው። የሃይድሮጂን ማኅተም አለ ወይስ የለም? የካርቦን ማኅተምስ በርትቷል? ሌሎች የካርቦን ከዋክብትም ካርቦን ያሳያሉ፤ ነገር ግን እነርሱ ሃይድሮጂን አላቸው፤ ከካርቦን ከባዱን ዓይነትም በብዛት ያሳያሉ። የአክሊሉ ወገኖች ግን በአብዛኛው ሁለቱም የሉባቸውም። በዚህ መስፈርት ተጣርተው በ2020 ዓ.ም. በወጣው ጽሑፋቸው አዲስ የተገኙት 45 ከዋክብት ሆኑ። ከእነዚህም 40ዎቹ በእኛ ጋላክሲ፣ 5ቱ በማጄላን ደመናዎች ውስጥ ናቸው። መጀመሪያ የጠቀስኩት 147 የሚለው ቁጥር የተሞላው በዚህ ነው። በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ያሉት በጠቅላላው ከ500 እንደማይበልጡም ገመቱ።

በዚያ ጽሑፍ ውስጥ እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን ከ45ቱ ይልቅ ሌላ ቁጥር ነው። ሊቃውንቱ 14 ከዋክብትን «ብርቱ ተጠርጣሪዎች» ብለው ለብቻ ዘረዘሩ። ቴሌስኮፑ ሲዞርባቸው ከዋክብቱ ጥላሸት በለበሱበት ሰዓት ስለ ተገኙ፣ ማኅተማቸው ሊነበብ አልቻለም። ጠባያቸው ሁሉ የአክሊሉን ወገን ይመስላል፤ ሁኔታቸው ሁሉ ወደዚያው ያመለክታል። ቢሆንም ምስክሩ ስላልተናገረ አልተፈረደም። ቁጥራቸውን ከ45 ወደ 59 ከፍ ማድረግ ቀላል ነበር፤ ደግሞም ማንም በቶሎ አይቃወማቸውም ነበር። እነርሱ ግን ደመናው እስኪገፈፍ መጠበቅን መረጡ። የዚህ ሥራ ክብሩ በቴሌስኮፑ ትልቅነት ብቻ አይደለም፤ «ይመስላል» እና «ነው» የሚሉትን ሁለት ቃሎች ባለማደባለቅም ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች ድርሻ ትልቅ መሆኑንም ልጨምር። በ1911 ዓ.ም. በአሜሪካ የተቋቋመው የተለዋዋጭ ከዋክብት ተመልካቾች ማኅበር አባሎች አብዛኞቹ መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ ጸሐፊዎችና ጡረተኞች ናቸው። ማታ ከሥራ ሲመለሱ መነጽራቸውን ያቆሙና የአክሊሉን ኮከብ ከጎረቤቶቹ ጋር አመዛዝነው ማዕርጉን ይጽፋሉ። ኮከቡ የጠፋባቸው እንደ ሆነም ወረቀቱን ባዶ አይተዉትም። በዚያች ሌሊት ሊያዩት የቻሉትን እጅግ ደብዛዛ ኮከብ ማዕርግ ጽፈው «ከዚህ በታች ነው» ይላሉ። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ለማያውቅ ሰው ከንቱ ይመስላል። ሆኖም አንድ ኮከብ መውደቅ የጀመረበት ቀን የሚታወቀው፣ ትልልቆቹም ቴሌስኮፖች ስፔክትረሙን በጊዜው ለመያዝ የሚዞሩት፣ እንዲህ ባለ የማያቋርጥ ምዝገባ ነው።

ዛሬ ቅኝቱ ከቀድሞው እጅግ ሰፍቷል። በቺሊ ተራራ ላይ የተሠራውና 8.4 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የተገጠመለት የቬራ ሩቢን መመልከቻ የመጀመሪያ ሥዕሎቹን በሰኔ 2025 ዓ.ም. ለዓለም አሳይቷል። የታቀደለት የደቡቡን ሰማይ ለ10 ዓመት ደጋግሞ እንዲቃኝ ነው። ይህ በሚሆንበት ጊዜ የተጠርጣሪዎች ዝርዝር በሺህ ሳይሆን በሚሊዮን ይቆጠራል። ያን ጊዜ የሚያንሰው መዝገብ አይሆንም፤ መዝገቡን ይዞ ወደ እያንዳንዱ ኮከብ የሚሄድ መርማሪ ነው የሚያንሰው። ስለዚህ ትልልቆቹ ቅኝቶች ትንንሾቹን ቴሌስኮፖች ከሥራ አያስወጧቸውም፤ እንዲያውም ሥራ ያበዙላቸዋል። በእኛም አገር በእንጦጦ ተራራ ላይ ባለ 1 ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። የአዲስ አበባ መብራት እየበዛ መሄዱ ለእነርሱ ፈተና ቢሆንም፣ ደማቅ የሆነን ተጠርጣሪ ተከታትሎ ብርሃኑን መለካት ለእንዲህ ያለ መሣሪያ የሚበቃ ሥራ ነው። በእነርሱ የሚሠለጥኑት ወጣቶችም ከሁሉ አስቀድመው ሊማሩት የሚገባው ይኸው አመዛዝኖ የመመዝገብ ልማድ ነው።

እንግዲህ ንግግሬን ስጠቀልል የምናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። የሰማይ ሊቃውንት እነዚህን ብርቅ ከዋክብት ያገኙት በሁለት ደረጃ በተከፈለ ሥራ ነው። መጀመሪያ ሁሉን ሳይመርጡ ይመዘግባሉ፤ ቀጥሎ ከመዝገቡ የተጠረጠረውን እያንዳንዱን ለብቻው ጠርተው ይጠይቃሉ። መመዝገብ ያለ ምርመራ የተከመረ ወረቀት ነው፤ ምርመራም ያለ መዝገብ ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ከሚሊዮኖች መካከል አንዱ ይገኛል፤ ለዘመናት በተሳሳተ ስፍራ የኖረውም ወደ ቦታው ይመለሳል።

በግንቦት ሌሊት የሰሜን አክሊልን ያያችሁ እንደ ሆነ በውስጡ ያለውን ኮከብ በመነጽር ፈልጉት። ምናልባት በስፍራው ደኅና ሆኖ ታገኙት ይሆናል፤ ምናልባትም አታገኙት ይሆናል። ያላገኛችሁት እንደ ሆነ «ጠፋ» ብላችሁ አትፍረዱበት። የፋኖሱን ብርጭቆ አስቡና ቀኑንና ሰዓቱን በወረቀት ጻፉ፤ በሚቀጥለውም ሌሊት ተመልሳችሁ ተመልከቱ።